አፍንጫዋ ያጎነበሰች ፒክአፕ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአጋሮ ወደ ጅማ ቡና የማመላልስበት ሂሉክስ አለኝ። ወፍራም የብረት ፓራውልት (የፊት መከላከያ) ላስገጥም አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ክብደቱን ጠይቅ። የእኔን ለሁለት ተሸክመን ስንገጥመው ወገባችን ተንቀጠቀጠ፤ በማግስቱ የመኪናዬ አፍንጫ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ አገኘሁት። የፊቱን ሞላ በጠንካራ ለመቀየር ተገደድሁ፤ ያ ወጪ በሒሳቤ አልነበረም።

በያጁ «ከሻንሲው (ከመኪናው ዋና የብረት አጽም) ጋር ልበይደው» ቢልህ እሺ አትበል። በፋብሪካው ቀዳዳዎች በብሎን ይታሰር፤ ሲጎዳ ተፈትቶ ይወጣል። ኤርባግ ካላት ደግሞ ለሞዴሏ የተሠራውን ብቻ ግዛ፤ ያልተገባ ብረት ኤርባጉ የሚፈነዳበትን ጊዜ ሊያዛባ ይችላል። የራዲያተሩን አየርም እንዳይከልል።

የጅማ ዝናብ ለብየዳ ስፌት አይራራም፤ ከውስጥም ከውጭም ጸረ ዝገት ይቀባ። ከሳምንት ጉዞ በኋላ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቅ፤ የእኔ ሁለቱ ላልተው ነበር።