ሰርቨሩን ከማቆምዎ በፊት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ወደ ዘጌ ገዳማት ለሚሄዱ እንግዶች የጀልባ ትኬት የምንሸጥበት ድረ ገጽ አለን። በሎድ ባላንሰር (ደንበኞችን ለሰርቨሮች በሚያከፋፍል ፕሮግራም) ሥር 2 ሰርቨሮች ይሠራሉ። አንዱን ለማደስ በትእዛዝ መስመር ሳቆመው፣ ክፍያ ላይ የነበሩ ደንበኞች የስህተት ገጽ መጣባቸው። ሌላው ሰርቨር እየሠራ ይህ እንዴት ይሆናል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሌላው ሰርቨር የሚደርሰው ገና ለሚመጣው ሰው ነው። ባቆሙት ሰርቨር ውስጥ መልስ ይጠባበቅ የነበረው ክፍያ ግን አብሮት ቀረ። የጣና መውጫ ላይ ካለው ከጨራጨራ ግድብ አጠገብ ለሚኖር ሰው ይህ ሩቅ ነገር አይደለም፦ የግድቡ መዝጊያ ቢወርድም፣ አስቀድሞ ያለፈው ውኃ እስከ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል መውረዱን አይተውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ትእዛዝ የሚሰጡት ለሰርቨሩ ሳይሆን ለሎድ ባላንሰሩ ነው። ኤችኤፕሮክሲ የተባለው ፕሮግራም ከሆነ በአስተዳዳሪው ሶኬት (ትእዛዝ በሚቀበልበት በር) በኩል ሰርቨሩን «ድሬይን» ያድርጉት። አዲስ ደንበኛ አይመደብለትም፤ የጀመሩት ይጨርሳሉ። ከዚያ የክፍት ግንኙነቶችን ቁጥር እያዩ ይቀመጡ፦ 14፣ 6፣ 1፣ ዜሮ። አሁን ያቁሙት። እኔ አንድ ሌሊት ቁጥሩን ሳልመለከት «ይሄኔ ሁሉም ወጥቷል» ብዬ አቁሜ፣ በማግስቱ ስልክ ማንሳት ፈርቼ ዋልሁ።

ጥያቄ፦ ድሬይን ካደረግሁት 1 ሰዓት አለፈ፤ 2 ደንበኞች አሁንም አልወጡም።

መልስ፦ ሎድ ባላንሰርዎ ደንበኛን በኩኪ (አሳሹ በሚይዛት ትንሽ መለያ) ከአንድ ሰርቨር ጋር ያስራል ማለት ነው። ድሬይን እነዚህን ነባሮች አይከለክልም፤ ገጽ በከፈቱ ቁጥር ተመልሰው ይመጣሉ። ትዕግሥትዎ ሲያልቅ «ሜይንት» (ለጥገና ዝግ) ያድርጉት፤ ቀጣዩ ጥያቄያቸው ወደ ሌላው ሰርቨር ይሄዳል። የመግቢያ መረጃቸው የተቀመጠው በቀድሞው ሰርቨር ሜሞሪ ብቻ ከሆነ ግን እንደገና መግባት ግድ ይሆንባቸዋል።

ጥያቄ፦ ባልደረባዬ ሁሌም «ኪል 9» ይላል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! ኪል ለፕሮግራም ቁጥር ያለው ምልክት የሚልክ ትእዛዝ ነው። 9 ቁጥር ምልክትን ፕሮግራሙ አይሰማውም፤ በጀመረው ሥራ ላይ እንዳለ ይገደላል። ቁጥር የሌለው ተራው ኪል የሚልከው 15ን ነው፤ በደንብ የተጻፈ ፕሮግራም ይህን ሲሰማ የያዘውን ጨርሶ ይወጣል። ኤንጂንኤክስ የተባለው የድር ሰርቨር ፕሮግራም ግን 15ንም ሲሰማ ይቸኩላል፤ በእርጋታ የሚወጣው «ኩዊት» የተባለው ምልክት ሲላክለት ነው። ፕሮግራሞችን በየራሳቸው ኮንቴይነር የሚያሠራው ዶከር ደግሞ ሲያስቆሙት በተለምዶ 10 ሰከንድ ብቻ ታግሦ 9ን ይልካል። ከባንክ የክፍያ ማረጋገጫ ለመምጣት 20 ሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ የመታገሻ ጊዜውን አስቀድመው ያርዝሙት።

ጥያቄ፦ ዳታቤዙን ስለምንቀይር ሁለቱም ሰርቨሮች መውረድ አለባቸው። የይቅርታ ገጽ ብንሰቅልስ?

መልስ፦ ይስቀሉ፤ ነገር ግን ገጹ ከ503 («ለጊዜው አገልግሎት የለም») ኮድ ጋር ይውጣ። በ200 («ሁሉም ደህና») ከወጣ የፍለጋ ሞተሮች ይቅርታዎን የድረ ገጹ ይዘት አድርገው ይመዘግቡታል።

ጥያቄ፦ በከተራ ዕለት ማታ ብናድሰው?

መልስ፦ ከተማው በእንግዳ በሚሞላበት ሌሊት? ጥር 15 ይሁን።