ሙዚየም ከመግባታችሁ በፊት ጆሯችሁን አዘጋጁ

ልጆቼ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ ሰሞኑን ከጓደኞቻችሁ ጋር ብር አዋጥታችሁ፣ መኪና ይዛችሁ አዲስ አበባ ደርሳችሁ ልትመለሱ ስታቅዱ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ሙዚቃ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስድስት ኪሎ ጎራ በሉ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እዩ። ክራሩ፣ በገናው፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ፣ ከበሮው እዚያ አለ።

ቤቱ ራሱ ታሪክ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሡ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ ተቋሙም እ.ኤ.አ. በ1963 ተመሠረተ። የንጉሡ መኝታ ቤት ለጎብኚ ይታያል፣ አብዛኛው ወጣትም ወደዚያ ይሮጣል፣ ይወጣል። የሙዚቃ መሣሪያዎቹን በቁሙ ገርመም አድርጎ ያልፋቸዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

በወጣቱ ብቻ አልፈርድም። መስታወት ውስጥ የተቀመጠ ክራር አይናገርም። ድምፁን የማያውቅ ሰው ከእንጨትና ከቆዳ ሌላ ምን ያያል? ስለዚህ ድምፁን ይዛችሁ ግቡ። ለዚህ ደግሞ ከመንገድ የተሻለ ጊዜ የለም።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣሩና በጠዋት ተነሡ። ከመነሣታችሁ በፊት መሣሪያዎቹን ተከፋፈሉ። አንዱ ክራር፣ አንዷ በገና፣ ሌላው ማሲንቆ፣ ሌላዋ ዋሽንት ይያዝ። እያንዳንዱ መሣሪያው ለብቻው ጎልቶ የሚሰማበትን ሥራ ስልኩ ላይ ጭኖ ይምጣ። ኪቦርድ የዋጠው አይሆንም። ኮምቦልቻን እንደለቀቃችሁ ጀምሩ፣ ሐርቡን፣ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን እያለፋችሁ በየተራ ስሙ። ሲሰማ ወሬ የለም። ወሬውን ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ስትገዙ ታወሩታላችሁ።

ክራር የያዘው ልጅ ከሁሉም የበለጠ ሥራ አለበት፤ ቅኝቶቹን፣ ማለትም ዜማዎቻችን የሚሠሩባቸውን የድምፅ አደራደሮች፣ ማሰማት የእሱ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። እስቲ አስቡት፣ ከአራቱ ሁለቱ የእኛው አገር ስም ናቸው። ባቲ ሰኞ ገበያ የምትወርዱባት ባቲ ናት። አምባሰል ደግሞ ሐይቅን አልፋችሁ ወደ ውጫሌ ስትሄዱ የምታዩት አገር ነው። ሌላው ኢትዮጵያዊ እነዚህን ስሞች በሙዚቃ ያውቃቸዋል፣ እናንተ በታክሲ ታውቋቸዋላችሁ። ሁለቱን ማገናኘት ነው የሚቀራችሁ።

ልዩነቱን ለመለየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። መነሻውን ስሙ። ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያለ ቀስ ብሎ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፣ ከዚያ ሶልና ላ ይከተላሉ። ባቲ ከዶ ተነሥቶ በአንድ ጊዜ ሚ ላይ ይዘላል፤ ከዚያ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። (ትዝታም ባቲም ሌላ፣ ዝቅ ያለ ዓይነት አላቸው፤ መጀመሪያ በዚህኛው ልመዱ።) አምባሰል ደግሞ ከዶ ግማሽ ድምፅ ብቻ ፈቀቅ ይልና ወዲያው ወደ ፋ ይወረወራል። ያቺ ጠባብ እርምጃና ከኋላዋ የሚመጣው ሰፊ ዝላይ ናቸው አንጀት የሚበሉት። ማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስትዘፍን አዳምጡ፤ እዚያች ቦታ ላይ ስትደርሱ መኪናው ውስጥ ዝም ዝም ትባባላላችሁ።

ሙዚየሙ ስትደርሱ መታወቂያ ያዙ፣ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ከዚያ እያንዳንዳችሁ በያዛችሁት መሣሪያ ፊት ቁሙና ለሌሎቹ አስረዱ። በገና የያዘችው ልጅ ጎንበስ ብላ ብርኩማውን ትይ፣ አውታሮቹ ከገበቴው፣ ድምፁን ከሚያጎላው ሣጥን፣ በላይ የሚያርፉበትን። እዚያ ላይ በእያንዳንዱ አውታር ሥር የምትገባ ቁራጭ ቆዳ አለች፣ እንዝራ ትባላለች። በገና እንደ ንብ እዝዝ የሚለው በእሷ ነው። እንዝራዋ ከቦታዋ ትንሽ ፈቀቅ ካለች ድምፁ ይሞታል። አሥር አውታር ያለው ያ ትልቅ መሣሪያ ጥፍር በምታክል ቆዳ ነው የሚናገረው። ይህን ያየ ሰው በገናን ዳግመኛ እንደ ጌጥ አያየውም። ማሲንቆ የያዘው ደግሞ አውታሯ አንዲት ብቻ መሆኗን፣ እሷም የፈረስ ጭራ መሆኗን ያሳይ፤ አዝማሪ ያን ሁሉ ዜማ የሚያወጣው ከእሷ ነው።

ከበሮው ጋ ትንሽ ቆዩ። ቤተ ክርስቲያን ያደገው ልጅ ማኅሌቱን ይንገር፣ መንዙማ እየሰማ ያደገው ደግሞ ድቤው እንዴት እንደሚመታ፣ ተቀባዩ መቼ እንደሚነሣ ይንገር። በአንድ መኪና ውስጥ ሁለቱም ያላችሁ የወሎ ልጆች ናችሁና ይህን ለማስረዳት አስጎብኚ መጠበቅ የለባችሁም።

የከተማችንንም ጉዳይ ሳላነሣ አላልፍም። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የነበረው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፏል። እኔን እስካሁን ያመኛል። ዕቃ ሲሄድ ስለዕቃው የሚያውቁ ሰዎች ብቻ ይቀራሉ፤ እነሱም እያረጁ ነው።

ስለዚህ ተመልሳችሁ ቤት ስትገቡ ስልካችሁን አውጡ። አያታችሁ በሠርግ የሚዘፍኑት፣ አጎታችሁ በአጨዳ የሚያዜሙት፣ የሰፈራችሁ ሼህ በመውሊድ የሚያወርዱት ካለ አስፈቅዳችሁ ቅረጹ። ሬዲዮና ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፣ መሃል ላይ አታቋርጧቸው። ሲጨርሱ ማን እንዳስተማራቸው ጠይቁ፣ እሱም ይቀረጽ። ፋይሉ ላይ የዘፈነውን ሰው ስም፣ የተወለደበትን ቀበሌ፣ ዜማው የሚዜምበትን ጊዜና ቀኑን ጻፉ፤ አንዱን ቅጂ ከስልካችሁ ውጭ አስቀምጡ፣ ስልክ ይጠፋል።