ፓርት ታይም እየሰራሽ ጌጥ ልሽጥ ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ

"ሳምንት 25 ሰዓት እየሰራሁ በእጄ የምሰራውን ጉትቻና ሀብል መሸጥ ብጀምር ያዋጣኛል? ከምን ልጀምር?" ላልሽው ነው። እኔም ሜሪላንድ ነኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ጠዋት ጠዋት ዴይኬር እሰራለሁ፤ ማታ ልጆቹ ሲተኙ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ፒንሳና ሽቦ ይወጣል። አራት ዓመቴ ነው። ያዋጣል፣ ግን እኔ የተቃጠልኩበት ላይ አትድረሺ።

1. ሽቦ ላይ አትሰስቺ። እኔ መጀመሪያ ርካሹን በጅምላ ገዝቼ 40 ጥንድ ጉትቻ ሰራሁ። ለካ ኒኬል የሚባል ቆዳ የሚያስቆጣ ብረት አለበት። ሁለት ሴቶች ጆሯቸው አብጦ መለሱልኝ። አንዷ ቤተክርስቲያን የምንገናኝ ናት፣ እስከ ዛሬ ስታየኝ እጇ ወደ ጆሮዋ ይሄዳል። አሁን መንጠቆውን የምሰራው 925 ከሚባለው የብር ማዕድን (92.5 ፐርሰንቱ ንጹህ ብር የሆነ) ብቻ ነው። (925 የሚለውን ማህተም ገዝተሽ ራስሽ እንዳትመቺበት ግን፤ አጠገቡ ያስመዘገብሽው የራስሽ ምልክት ከሌለ ህጉ አይፈቅድም።)

2. ደረሰኝ። የመጀመሪያው ዓመት 9,400 ዶላር ሸጥኩ፣ ግማሹ ከእንቁጣጣሽ እስከ ገና ባለው ጊዜ። ለዕቃ ወደ 3,000 አውጥቻለሁ፤ ግን ጨሌውን በካሽ፣ ሽቦውን በባለቤቴ ካርድ፣ አንዳንዱን ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው። በእጄ የነበረው ደረሰኝ የ700 ዶላር ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንደ ወጪ የተያዘልኝ ያው ብቻ ሆነ። ከደሞዜ ታክስ ስለሚቆረጥ የጌጡም በዚያው ያለቀ መስሎኝ፣ እንደ ወትሮዬ ሪፈንድ (የታክስ ተመላሽ) ልቀበል ታክስ ወደሚሰራልኝ ሰው ሄድኩ። 1,480 ዶላር አለብሽ አለኝ። አፌ ደረቀ።

ለራስሽ ሰርተሽ በዓመት 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ካተረፍሽ፣ ከገቢ ግብሩ ሌላ 15.3 ፐርሰንት ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታው) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን ህክምና) ይመጣብሻል። በደሞዜ ላይ ግማሹን ዴይኬሩ ይከፍልልኛል፤ ለጌጡ የሚከፍልልኝ የለም። ይሄን ሰውየው ያውቃል። ዓመት ቀደም ብዬ "ጌጥ መሸጥ ልጀምር ነው" ስለው "ጎሽ!" ብሎ 300 ዶላሩን ተቀብሎ ሸኝቶኛል። ደረሰኝ ያዢ አላለኝም። 1,480 አለብሽ ባለኝ ቀን ደግሞ ስልኩን በትከሻው ደግፎ እያወራ፣ "አንቺ ንግድ ጨዋታ መሰለሽ?" አለኝ። ስልኩ ላይ ያለው ሰው ሲስቅ ይሰማኛል። የራሳችን ሰው ነው እኮ! መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

3. የጌጡን ታክስ በየሩብ ዓመቱ፣ ኤፕሪል፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ጃንዋሪ ላይ ክፈይ ይሉሻል። እኔ አልሆነልኝም፤ የሴፕቴምበሩ ሁሌ ለእንቁጣጣሽ ዕቃ ከምገዛበት ጋር ይጋጫል። ያዳነኝ ፓርት ታይሜ ነው። አሰሪሽ ጋ ሄደሽ ደብሊው ፎር የሚባለውን፣ ከደሞዝሽ ስንት ታክስ እንደሚቆረጥ የሚወስነውን ፎርም እንደገና ሙይ፤ 4 ሲ የሚለው መስመር ላይ ለጌጡ ታክስ እንዲሆን ከየቼክሽ ተጨማሪ ስንት እንዲቆረጥ እንደምትፈልጊ ትጽፊያለሽ። እኔ 90 ዶላር ነው ያልኩት፣ በሁለት ሳምንት አንዴ። የስቴቱ ፎርም ለብቻው ነው፣ እሱንም አትርሺ። ለዚህ ነው ስራሽን አትልቀቂ የምልሽ፣ ለኢንሹራንሱ ብቻ አይደለም።

ለደረሰኙ የጫማ ካርቶን አለኝ። ለዕቃ መግዣ የተለየ ካርድ አወጣሁ፤ ባለቤቴ እንዳይነካው ተነግሮታል። በሁለተኛው ዓመት 12,000 ሸጬ አንድም ዕዳ አልመጣብኝም፣ እንዲያውም 210 ዶላር ተመለሰልኝ። ታክሱን ራሴ ነው የሰራሁት።

4. ዋጋ ስትለጥፊ ከገዢው የምትቀበይውን የሜሪላንድን 6 ፐርሰንት ሴልስ ታክስ (የሽያጭ ታክስ) አትርሺ። ይህን ታክስ የምትሰበስቢበት ፈቃድ በነፃ ነው፣ ኦንላይን ይወጣል። ወዳጅ ዘመድ "ለኔም ታክስ?" ይልሻል፣ ችላ በይው። ያ ታክስ ሰራተኛ ራሱ ዘንድሮ ደውሎ ለሚስቱ ጉትቻ ፈልጎ "ቀንሺልኝ እንጂ" አለኝ። ሙሉውን አስከፈልኩት፣ ከነ6 ፐርሰንቱ። ደረሰኝም ሰጠሁት።