ለልጄ የአእምሮ ሽሮፕ ልግዛለት ወይ?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ከርመዋል? የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የመጀመሪያ ልጄ 9 ወር ሆኖታል። ጡት ይጠባል፤ በቀን ሁለት ጊዜ የጤፍና የገብስ ሙቅ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዳቦ በሻይ እሰጠዋለሁ። ሁዳዴ ስለገባ አማቴ «እንቁላል እዚህ ቤት ድስት ውስጥ አይገባም» ብለዋል። ጎረቤቴ ደግሞ አእምሮው እንዲፈጥን ከመድኃኒት ቤት ሽሮፕ ግዢለት ትለኛለች። ዋጋው ለእኔ ከበድ ይላል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሽሮፑን ተይው። በዚያ ገንዘብ ስንት እንቁላል እንደሚገዛ እስቲ አስቢው።

የሕፃን አንጎል ገና በሁለት ዓመቱ የአዋቂውን መጠን 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ከማኅፀንሽ ይዞት የወጣው የብረት ማዕድን ግን 6 ወር አካባቢ ይመናመናል፤ ጡትም ብቻውን አይተካውም። የነርቭ መስመሮች ሽፋናቸውን የሚለብሱት በብረት እርዳታ ስለሆነ፣ ያነሰው ልጅ ይፈዝዛል፣ ለመማርም ይዘገያል። ሻይ ደግሞ በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት አስሮ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ስለዚህ ሻዩን ዛሬውኑ አቁሚ።

ሙቁን በተመለከተ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሕፃናት ስመዝን የኖርኩ ነርስ ነኝ። እናቶች ሙቅ በፔርሙዝ ይዘው ይመጡና «አንድ ኩባያ ይጨርሳል እኮ!» ይሉኛል። ማንኪያ ነክሬ ሳነሳ እንደ ውሃ ይንጠባጠባል። የልጅሽ ሆድ የጭብጡን ያህል ናት፤ በውሃ ሞልተሽ ምግቡን የት ልታስቀምጪው ነው? ማንኪያውን ስታጋድዪው ቶሎ የማይፈስ ገንፎ አድርጊለት። ለሦስት እጅ እህል አንድ እጅ የደንቢያ ሽምብራ በውሃ ዘፍዝፈሽ አሳድረሽ፣ አድርቀሽ፣ ቆልተሽ አስፈጪ፤ መዘፍዘፉ ብረቱ በቀላሉ እንዲዋሐደው ይረዳል። ጥቂት ዘይትና የተፈጨ ካሮት ወይም ጎመን ጨምሪበት። ሁለት ጊዜም አይበቃውም፤ በዚህ ዕድሜ ሦስት አራቴ መብላት አለበት። ጨው ለእሱ ይቅርበት። አንቺ ግን አዮዲን ያለበትን ጨው ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምረሽ ብዪ፤ አዮዲኑ በጡትሽ ይደርሰዋል።

አማትሽን አልወቅስም፣ እኔም ጿሚ ነኝ። ጾም ግን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን አይመለከትም። ይህን የንስሐ አባታችሁ ቢነግሯቸው ከእኔ ይልቅ ይሰሟቸዋል። የሚያስጨንቃቸው ዕቃው ከሆነ መላ አለው። እኔ ልጆቼን ሳሳድግ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለይቼ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ መደርደሪያ ጥግ አስቀምጥ ነበር። አማቴ «የገዳፊው ድስት» ይሏት ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን እንቁላሉን የሚቀቅሉት ራሳቸው ሆኑ። አንቺም በደንብ ቀቅለሽ፣ አስኳሉንም ነጩንም አድቅቀሽ ከገንፎው ጋር አዋሕጂው፤ አስኳሉ ለአንጎል የሚበጅ ኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ከጎርጎራ የመጣ ዓሣ ካገኘሽም እሾሁን በጣትሽ እየዳበስሽ ለቅመሽ ስጪው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የትልልቆቹ ነው።

የኩፍኝ ክትባቱ በ9 ወር ስለሆነ ጤና ጣቢያ መሄድሽ አይቀርም። እግረ መንገድሽን የክንዱን ዙሪያ እንዲለኩልሽ ጠይቂ፤ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ክትትል ይፈልጋል። መዳፉ ገርጥቶ ካየሽም ደሙን አስመርምሪ። ያን ጊዜ የብረት ሽሮፕ ቢያዝዙለት ሳታመነቺ ግዢ፤ ጎረቤትሽ ካለችው ጋር ግን አንድ አይደለም።