ሁለት ጥማዷ የማን ነበረች?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ዙሪያ፣ ከጣና ዳር፣ ከአባቴ የወረስኳት 2 ጥማድ መሬት አለችኝ። ከእሱ በፊት የማን እንደነበረች ከሥሩ ማወቅ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እጅዎ ላይ ካለው አረንጓዴ የይዞታ ደብተር ተነሥተው ወደ ኋላ ይሂዱ። ከአያት ስም ተነሥቶ ወደዚህ የሚመጣ ሰው 1989 ላይ ይጠፋበታል። በዚያ ዓመት በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ፣ ማለትም ዳግም ክፍፍል፣ ማሳው ተቆራርሷል፤ የገበሬ ማኅበር ሹም የነበረ «ቢሮክራት» ተብሎ ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከ1 ሄክታር ገደማ፣ በላይ ያለው ተወስዶበታል። ስለዚህ አባትዎ የያዟት መሬት የአያትዎ ላትሆን ትችላለች።

ደብተሩ ላይ ከባለይዞታው ስም ይልቅ አዋሳኞቹን ያጥኑ። በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ማን እንዳለ ተጽፏል። አራቱም ዘንድ ሄደው «ከ89 በፊት ድንበሩ የት ነበር?» ይበሉ። ሰው የማሳውን የቀድሞ ባለቤት ቢረሳ፣ በድንበር የተጣላውን አይረሳም። ማሳው መካከል ብቻውን የቆመ ዋንዛ ወይም ማረሻ የሚዞረው የድንጋይ ረድፍ ካለ አሮጌ ወሰን ሊሆን ይችላልና እሱንም ያሳዩዋቸው። መሬትዎ ባሕር ሸሽ፣ ማለትም ሐይቁ ሲሸሽ የምትገለጥ፣ ከሆነች፣ «ያኔ ውሃ ነበር» ቢሉዎት አይናቁ፤ የሐይቁ ከፍታ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ከተሠራው ከጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ በር ወዲህ፣ ከ1988 ጀምሮ፣ እንደ ድሮው አይደለም።

መሬትን የሕዝብ ካደረገው ከየካቲት 25 ቀን 1967 አዋጅ በፊት ያለው ይከብዳል። የጎጃም ገበሬ ቀላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ) እንዲጣልበት ስላልፈቀደ የልኬት መዝገብ አይጠብቁ። የግብር ደረሰኝ ቢያገኙም፣ ስሙ የአራሹ ሳይሆን ለዘመዶቹ ሰብስቦ የከፈለው ሰው ሊሆን ይችላል። በወንጌል መጽሐፍ ኅዳግ ላይ የተጻፈ ጉልትም (ከመሬቱ ግብር የመብላት መብት) ግብሩን ማን እንደበላ እንጂ ማን እንዳረሰ አይናገርም። የቀረው የትውልድ ቆጠራ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ርስት (በዘር የሚወረስ የመሬት መብት) በእናትም ይወርድ ስለነበር ከአቅኚው አባት፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው፣ ጀምረው በሁለቱም ወገን ይቁጠሩ። መልሱ የአንድ ሰው ስም ሳይሆን የአንድ ዘር ስም ሊሆን ይችላል።

ሽማግሌ ዘንድ ሲሄዱ መሬት ለመጠየቅ እንዳልመጡ አስቀድመው ይንገሩ፤ ክስ የሚሸት ነገር ካለ አፍ ይዘጋል። ደግሞም የ1967ቱ አዋጅ የርስት ጥያቄን ስለዘጋ፣ ያገኙት ታሪክ መሬት አያስመልስም። ወደ ሌላ ቀበሌ የተዳሩ አክስቶችን አይርሱ፤ ዛሬ በማሳው ላይ የሚያጡትም የሚያገኙትም ስለሌለ ያዩትን ሳይፈሩ ይነግሩዎታል።