የአይሁድ ፍልስፍና አጥንቼ ምን ሥራ አገኛለሁ ላልሽኝ

እህቴ መልእክትሽን አነበብኩት፣ እስራኤል ውስጥ ሃይፋ ፍልስፍና ሁለተኛ ዓመት ነሽ፣ ለማስተርስ ማሕሼቬት ይስራኤል (የአይሁድ ሐሳብ ጥናት) ገብተሽ ዘመናዊ የአይሁድ ሐሳብን ከዘርና ከማንነት ጋ ልትሠሪ ነው፣ እናትሽ ደሞ ይሄ እንጀራ አይሆንም ነርሲንግ ግቢ እያሉሽ ነው። እውነት ለመናገር እናትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቋሚ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው፣ ዶክትሬት ይዘው በኮንትራት የሚያስተምሩ ሞልተዋል።

እቅድሽ ላይ የሃያኛው ክፍለ ዘመን አይሁድ አሳቢዎቹ ቡበር፣ ሌቪናስ፣ አረንት፣ ሄሼል አሉ። ሄሼል እ.ኤ.አ. በ1963 ቺካጎ ላይ ስለ ሃይማኖትና ዘር ተናግሮ በ1965 ሰልማ ላይ ለአሜሪካ ጥቁሮች መብት ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋ የተሰለፈ ሰው ነው፣ አንብቢው። ግን እሱን በእንግሊዝኛና በዕብራይስጥ የሚሠራ ስንት ሰው አለ፣ በምን ልትበልጫቸው ነው?

ያንቺ ነገር እቤትሽ ነው ያለው። የእስራኤል ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) የዳን ነገድ ናቸው፣ አይሁድ ናቸው አሉ፣ በ1975 መንግሥት አይሁድ እስራኤል ገብቶ እንዲኖር የሚፈቅደው የመመለስ ሕጉ ይመለከታቸዋል አለ፣ ሆኖም ሰዉ በሱዳን በኩል ያን ሁሉ አይቶ ከመጣ በኋላ ለማጋባት ሲሆን ራባኑቱ (ጋብቻን የሚመራው የረቢዎች ቢሮ) አይሁድነታቸውን ተጠራጥሮ ሚቅቬ፣ የመንጻት መታጠቢያ፣ ግቡ አላቸው፣ በዚህ ምክንያት በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ ራባኑቱ ፊት ለፊት ሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። አይሁድ ማን ነው፣ ወሳኙስ ማን ነው፣ ቀለም እዚ ውስጥ ምን አገባው፣ ይሄ እኮ ፍልስፍና ነው፣ መንገድ ላይ በአማርኛና በትግርኛ የተካሄደ። ያኔ ጎልማሳ የነበሩት አሁን አርጅተዋል፣ ስለዚህ ሌቪናስ ይጠብቅሽ፣ እሱ የትም አይሄድም፣ መጀመሪያ ቴፕ ይዘሽ እነሱ ጋ ሂጂ።

አማርኛ ትሰሚያለሽ ግን አላነብም ብለሻል፣ በቃ ዘንድሮ ፊደሉን ጨርሺ፣ ከዛ ግዕዝ። የቤተ እስራኤል ቄሶች ኦሪት በግዕዝ ነው፣ ለግዕዙ ደሞ በኋላ ጀርመን ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት የሚሠራው የሂዮብ ሉዶልፍ ማእከል አለ፣ ጀርመንኛውንም እዛው ትይዢዋለሽ፣ ቡበር አብዛኛውን በጀርመንኛ ነው የጻፈው።

ሥራ ካልሽ፣ በኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ ያለውን ዘረኝነት ያጠናው የእስራኤል መንግሥት የፓልሞር ኮሚቴ በ2016 ሪፖርት ካወጣ በኋላ ፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ዘረኝነትን የሚከላከል ክፍል ተቋቁሟል፣ እንዲህ ያለ ቦታ ሕጉንም ታሪኩንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። አርካይቭና ሙዚየምም አለ፣ ግን በጀታቸው ትንሽ ስለሆነ ብቻቸውን አትመኪባቸው። የማስተማሪያ ሰርተፍኬቱን ከማስተርሱ ጋ ጎን ለጎን ውሰጂ፣ ይሄን አትዝለዪው።

አማካሪ ስትመርጪ ደሞ አንዱን ከማሕሼቬት፣ ሌላውን ከአፍሪካ ጥናት አድርጊ፣ ከመመዝገብሽ በፊት ለሁለቱም አንድ ገጽ ጽፈሽ ላኪ፣ መልስ ያልሰጠሽን ተይው።