ዓይኗ የጠፋ፣ ሕመምተኛ ድመት ወስጄ ላሳድግ ወይ?

ጥያቄ፦ የተከበሩ ዶክተር፣ የምኖረው በአሜሪካ፣ ቨርጂንያ ውስጥ፣ ከእናቴና ከ10 ዓመት ልጄ ጋር ነው። በእንስሳት መጠለያ ያየናት የ14 ዓመት ድመት የልጄን ልብ ወስዳዋለች። ሁለቱም ዓይኖቿ አያዩም፤ የደም ግፊትና የኩላሊት ሕመም ስላለባት በየቀኑ ክኒን ትወስዳለች። እናቴ «ሥቃይዋን ቁጭ ብለን ልናይ ነው?» ይላሉ። እኔም ልጄ ከለመዳት በኋላ ብትሞትበትስ ብዬ እሰጋለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የእናትዎ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ሊያሳስባችሁ የሚገባው ከዓይኗ ይልቅ ዓይኗን ያጠፋው ሕመም ነው። በዕድሜ የገፋች ድመት ኩላሊቷ ሲደክም ብዙ ጊዜ የደም ግፊቷ ይጨምራል፤ ግፊቱም ከዓይን ጀርባ ያለውን፣ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን ከቦታው ያላቅቀዋል። ሳይታከም ከቆየ ብርሃኗ አይመለስም፤ ይኸው ግፊት ግን አንጎሏን፣ ልቧንና የቀረውን የኩላሊቷን ጉልበት መጉዳቱን ስለሚቀጥል፣ ክኒኗ አንድ ቀን እንኳ ሊዘለል አይገባም። አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው አምሎዲፒን ሲሆን ለሰውም ይሰጣል፤ የድመት መጠን ግን በተለምዶ በቀን 0.625 ወይም 1.25 ሚሊግራም፣ ማለትም የባለ 5 ሚሊግራሙ ክኒን አንድ ስምንተኛ ወይም አንድ አራተኛ ነው። ስለዚህ እናትዎ ይህንኑ መድኃኒት የሚወስዱ ቢሆን እንኳ ከእርሳቸው ክኒን ተቆርሶ እንዳይሰጣት።

ከመወሰንዎ በፊት መጠለያውን የመጨረሻ የግፊት ልኬቷን ይጠይቁ፤ ላይኛው ቁጥር በመድኃኒት ከ160 በታች ከሆነ መልካም ምልክት ነው። የኩላሊትና የእንቅርት ዕጢ የደም ምርመራ ውጤቷን፣ ባለፉት ወራት ክብደቷ መቀነስ አለመቀነሱንም ይወቁ።

አለማየቷን በሚመለከት፣ ድመት ከምንገምተው በላይ በጆሮዋ፣ በአፍንጫዋና በጺሟ ትመራለች። በክሊኒኬ የማያት አንዲት ዓይነ ስውር ድመት ጺሟን ግድግዳው ላይ እያስነካች ትሄድና በሩ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ፣ ጆሮዋን ወደ ድምፄ አዙራ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ እኔ ትመጣለች። የእርስዎንም መጀመሪያ በአንድ ክፍል ብቻ ያላምዷት፤ ምግቧና ውኃዋ፣ የመጸዳጃ አሸዋዋም ከተቀመጡበት አይነሡ። ከመንካታችሁ በፊት ስሟን ጥሩ፤ ተሸክማችሁ ያለችበትን በማታውቀው ቦታ አታስቀምጧት። ቡና በሚፈላበት ጊዜ፣ ትኩስ ጀበና ወለል ላይ ስለሚሆን፣ የክፍሏ በር ይዘጋ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፤ በቤታችን እንግዳን እንደማጉረስ ሁሉ ለድመትም ከወጡ ቆንጠር ማድረግ የደግነት ይመስለናል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። አንድ የፓራሲታሞል ክኒን ሊገድላት ይችላል፤ የሊሊ አበባም ቅጠሉ፣ ብናኙ፣ የተነከረበት ውኃ ሳይቀር ኩላሊትን ያጠፋል፤ ቤታችሁ ፈጽሞ አይግባ። ምግቧ ፎስፈረሱ የተቀነሰ የኩላሊት ሕመምተኞች ምግብ፣ በተለይም እርጥቡ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል።

ወደ እናትዎ ጥያቄ ልመለስ። ዓይነ ስውርነት በራሱ አያሳምምም፤ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ካለ ግን ብርቱ ሕመም አለውና ይህም እንዲመረመር ይጠይቁ። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች፤ ጠጉሯን ማጽዳት ካቆመች፣ ከተደበቀች፣ ምግብ ከተወች ሥቃይ አለ ማለት ነው። አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች ለሐኪም ይደውሉ።

ለልጅዎ እውነቱን አስቀድመው ይንገሩት፤ ከእናንተ ጋር የምትቆየው ወራት ወይም ጥቂት ዓመታት ሊሆን ይችላል። ይህን አውቆ የሚወዳት ልጅ የሚያዝነው ሐዘን ተታልሎ ከሚያዝነው የቀለለ ነው ብዬ አምናለሁ። ክኒኑን የመስጠት ኃላፊነት ግን በእርሱ ትከሻ ላይ አይጣል። እርስዎ ቤት በማይኖሩበት ቀን ማን ይሰጣታል? ለዚህ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ከሌለዎት አይውሰዷት።

አንዳንድ መጠለያዎች ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት ለጥቂት ሳምንታት በአደራ ይሰጣሉና ይህን ይጠይቁ። ከፈቀዱልዎ በእነዚያ ሳምንታት ክኒኑን በእጅዎ ይስጧት፤ እናትዎም ስትበላና ስትተኛ አብረዋት ሆነው ይዩዋት፣ የእርሳቸውንም ሐሳብ ከዚያ በኋላ ደግመው ይጠይቋቸው።